ሚሚና ግራ ጆሮዋ

ሚሚ ሰሞኑን ግራ ጆሮዋን አልለቅ ብላለች። ማከክ ለድመት ብርቅ አይደለም፤ የሷ ግን በዛ። በኋላ እግሯ ትፍቀዋለች፣ ራሷን ታራግፋለች፣ ጥቂት አረፍ ትልና እንደገና ትጀምራለች። ጆሮዋ ሥር ሲነኳት ዓይኗን ጨፍና የምትዘረጋ ድመት አሁን እጄ ሲጠጋ ፈትለክ ትላለች።

ገልጬ አየሁት። የቀኙ ውስጡ ፈዛዛ ሮዝ ነው፣ ንጹሕ፣ ሽታ የለውም። መሆን ያለበትም እንደዚያ ነው። ግራው ግን ቀልቷል። ጥቁር ቡናማ፣ የቡና አተላ የመሰለ ነገር ተጋግሮበታል። ጠጋ ስል ደግሞ ኮምጠጥ ያለ ሽታ አለው።

ድመት አሳዳጊ ሁሉ ይህን ሲያይ ቶሎ አፉ ላይ የሚመጣለት አንድ ነገር ነው፦ ተባይ። እውነትም የጆሮ ተባይ በተለይ በግልገሎች ላይ የተለመደ ነው። ነጭ ነጥብ ብታክል ነው፤ ከአንዷ ድመት ወደ ሌላዋ በቀላሉ ትተላለፋለች። ከእንቁላል ተነሥታ ራሷ እንቁላል ጣይ ለመሆን 3 ሳምንት ያህል ይበቃታል። አንዲት ጓደኛዬም ሳትጠራጠር «ተባይ ነው፤ የውሻ ቁንጫ መድኃኒት ጠብ አድርጊባት» አለችኝ። ይሄን እንኳ በፍጹም! ለውሻ ከሚሠሩት የቁንጫ መድኃኒቶች አንዳንዶቹ ፐርሜትሪን አለባቸው። ፐርሜትሪን ለድመት መርዝ ነው። ያንቀጠቅጣታል፣ ሊገድላትም ይችላል።

ለነገሩ እኔ ተባይ አልመሰለኝም ነበር። ተባይ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ጆሮ ነው የሚይዘው። የሚሚ ቀኝ ጆሮ ደግሞ ጥርት ያለ ነው።

ሐኪሙ መድኃኒት ከማዘዛቸው በፊት መብራት ባለው መሣሪያ ጆሮዋን እስከ ታምቡሩ ድረስ አዩት። ፖሊፕ የሚባል የበቀለ ሥጋ ይኖር እንደሆነ ፈለጉ፤ የለም። ታምቡሩ አለመቀደዱንም አረጋገጡ። ከተቀደደ አንዳንዱ ጠብታ ወደ ውስጠኛው ጆሮ ዘልቆ መስማትንም ሚዛን መጠበቅንም ይጎዳል። ከዚያ በጥጥ ናሙና ወስደው በማይክሮስኮፕ አዩ። አንድም ተባይ የለም። ያለው ማላሴዚያ የሚባል፣ የእርሾ ዘመድ የሆነ ፈንገስ ነው፤ ጆሮዋን ሞልቶታል። በተባይ መድኃኒት ስንደክም ብንከርም ንቅንቅ አይልም ነበር።

አሁን ቤት ውስጥ ጠብታ ላይ ነን። በወሬ ደረጃ ቀላል ነው። ጠርሙሱን መጀመሪያ በመዳፌ ይዤ ለብ አደርገዋለሁ፤ ቀዝቃዛ ጠብታ ያስደነግጣታል። ከዚያ ሚሚን በፎጣ እጠቀልላታለሁ፣ ራሷ ብቻ ይቀራል። የምታየኝ አስተያየት አያድርስ ነው። ጆሮዋን ወደ ላይ ሳብ፣ ጠብታውን ጠብ፣ ከዚያ የጆሮዋን ሥር ማሸት። በደንብ ከገባ ከውስጥ እጭቅ እጭቅ የሚል ድምፅ ይሰማል። ስለቃት ራሷን ታራግፋለች፤ ወደ ውጭ የወጣውን በጥጥ እጠርጋለሁ። ዓይኔ የደረሰበትን ብቻ። የድመት ጆሮ ቱቦ መጀመሪያ ወደ ታች ይወርድና ኋላ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ጥጥ የተጠቀለለበት እንጨት ከተከተተበት ኩኩን ወደ መታጠፊያው ይገፋዋል እንጂ አያወጣውም።

ማከኳ ቀንሷል። መድኃኒቱን ግን አላቋረጥኩም፤ ሐኪሙ ናሙናውን ደግመው እስኪያዩ እንዳላቆም አስጠንቅቀውኛል። አንገቷን ወደ አንድ ጎን ካዘመመች፣ ስትራመድ ከተንገዳገደች ወይም ከማከክ ብዛት ጆሮዋ አብጦ ደም ከቋጠረ ሳልውል ሳላድር ይዣት እንድመጣም ነግረውኛል።

እርሾው ድመት ላይ እንዲሁ አይነሣም አሉ፤ ከጀርባው የሚገፋው ነገር አለ። ለጊዜው የምንጠረጥረው አለርጂ ነው። ሕመሙ ከተመለሰ በልታው ከማታውቀው ሥጋ የተሠራ ምግብ ብቻ ቢያንስ ለ8 ሳምንት ልሰጣት ነው። ሌላ ነገር መቅመስ ክልክል። ያልተከደነ ሁሉ የሷ ለሚመስላት ሚሚ 8 ሳምንት... እሱን ያኔ እናያለን።