ኮረብታው ተዘጋ፤ ማን ይክፈተው?

በደብረ ብርሃን ዙሪያ ኮረብታ መዝጋት ብዙ ድካም የለውም። አንድ የቀበሌ ስብሰባ፣ አንድ ቃለ ጉባኤ፣ ከብት ሲገባ የሚጮህ አንድ ጠባቂ ይበቃል። በመጀመሪያው ክረምት ሣሩ ጉልበት ይደርሳል። በሁለተኛው ዓመት ከድንጋዩ ሥር ቀጨሞና አመጃ የሚባሉት ቁጥቋጦዎች ብቅ ብቅ ይላሉ፣ የመጣ ሁሉ ያደንቃል። ጣጣው የሚጀምረው ሦስተኛው ዓመት ላይ፣ ሣሩ ሲደርስ ነው። ማን ያጭዳል? መቼ? ስንት ሸክም? ይህ አስቀድሞ ካልተቆረጠ አንድ ሌሊት ማጭድ ያለው ሁሉ ይወጣና ኮረብታው በማግሥቱ የተላጨ ራስ መስሎ ያድራል። ከዚያ በኋላ «ጥብቅ» የሚለውን ቃል የሚያምን የለም።

የመንዝ ሰው ለዚህ ጥያቄ መልስ ካገኘለት ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ጓሳ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋ፣ ስሙን ከሣሩ የወሰደ ቦታ ነው። ሣሩ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ለዝናብ የሚለበስ ገሳ ይሠራበታል። ከሁለቱ የአገሩ አባቶች፣ ከአስቦና ከገራ፣ የተወለዱ ባለርስቶች ለየራሳቸው ሹም ይመርጡ ነበር፤ አባ ቄራ ወይም አፈሮ ይሉታል፣ ሥርዓቱ ደግሞ ቄሮ ይባላል (የቅርቡን የወጣቶች እንቅስቃሴ ስም ለሚያውቅ፣ ይህ ሌላ ነው)። ቦታው ከ3 እስከ 5 ዓመት ድረስ ይዘጋ ነበር። አቅም ያለው አባወራ ሁሉ በየተራው ይጠብቃል። ሣሩ ሲደርስ አፈሮው የመክፈቻውን ቀን ያስነግራል፣ ሁሉም በአንድ ቀን ማጭዱን ይዞ ይወጣል፣ ከብት የሚገባውም ከአጨዳው በኋላ ነው። ሐምሌ 5፣ የሰኔ ጾም ሲፈታ፣ ተመልሶ ይዘጋል።

ከዚህ ሁሉ ልብ የሚባለው አንድ ነገር ነው። መክፈቻው በሣሩ ነው፣ መዝጊያው በበዓሉ። የሣሩን መድረስ ዓይን ያለው ሽማግሌ አይቶ ይወስናል፤ መዝጊያውን ግን ማንም ሰው «ትንሽ ቀን ይጨመር» ብሎ ሊከራከርበት አይችልም፣ ጾሙ ተፈትቷልና። አሁን የሚጻፉት መተዳደሪያ ደንቦች አብዛኞቹ ተገላቢጦሽ ናቸው፦ መክፈቻውን በቀን ይቆርጡና መዝጊያውን «እንደ ሁኔታው» ይሉታል። እንደ ሁኔታው የተባለ ነገር ደግሞ አይዘጋም።

ቄሮ ጉድለትም ነበረበት። መብቱ የርስት ስለነበር ከአስቦና ከገራ ዘር ያልተወለደ ሰው ድርሻ አልነበረውም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር የአፈሮውም ሥልጣን መሠረቱ ተናደ፣ ሣሩም ቅጥ አጣ። ኋላ ኅብረተሰቡ በኮሚቴና በመተዳደሪያ ደንብ መልሶ ያዘው፤ ዛሬም ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል፣ ከዚያ የሚነሱ ምንጮችም ግማሹ ወደ ዓባይ፣ ግማሹ ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። ዛሬ ኮረብታ የሚዘጋ ሰው ከቄሮ የሚወስደው አዘጋግና አከፋፈቱን እንጂ የዘር ቆጠራውን አይደለም። በተለይ ከተማ አጠገብ፣ መሬት የሌለው ወጣትና ኩበት ለቅማ የምትሸጥ ሴት ከስብሰባው ከቀሩ፣ በሌሊት የሚገቡት እነሱ ናቸው። ለነሱም የራሳቸው ቀን ይሰጣቸው፤ ለምሳሌ የደረቀ እንጨት ለመልቀም በሳምንት አንድ ጠዋት፣ ያለ ገጀራ፣ በጀርባ በሚቻል ሸክም ብቻ።

ወሰኑ ማንም ሊያዛውረው በማይችል ነገር ይያዝ፤ ገደል፣ ወንዝ፣ የቤተ ክርስቲያን ቅጽር፣ የቆየ ካብ። ኖራ የተቀባ ድንጋይ በሁለት ክረምት እግር ያወጣል። ወሰኑ ሲዞር የሁሉም ጎጥ ሽማግሌ በእግሩ አብሮ ይዙር። ከሁሉ የሚረሳው ግን የከብት መተላለፊያ ነው። ሁለት መንጋ ሳይነካካ የሚተላለፍበት መንገድ እስከ ውሃው ካልተተወ፣ እረኛው ሕግ አክባሪ ቢሆን እንኳ ከብቱን የሚያጠጣበት የለውም። ኮረብታውን በሙሉ ባንድ ጊዜ መዝጋትም አይበጅም። አንድ ሦስተኛውን ዘግቶ መጀመር ይሻላል፤ ከዚያ የሚታጨደው ሣር ቀሪውን ለመዝጋት ማሳመኛ ይሆናል።

አጨዳው ላይ ሁለት ዓይነት ሣር መለየት ግድ ነው። ለከብት የሚሆነው ሲያብብ፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት ቢታጨድ ይሻላል፤ ኅዳር ካለፈ ገለባ ነው፣ ሆድ ይሞላል እንጂ ጉልበት የለውም። ለክዳን የሚሆነው ግን ካልጠነከረና ካልደረቀ ይበሰብሳል፤ እሱ እስከ በጋው ይቆይ። ሁሉም ሲያብብ ከታጨደ ዘር አይወድቅም፤ ስለዚህ በየ20 እርምጃው አንድ ቀጭን ሰቅ ሳይነካ ይቅር፣ ሰቁም በየዓመቱ ቦታ ይቀይር። ማጭዱ ከመሬት አራት ጣት ያህል ያስቀር። ሥሩ ድረስ የተላጨ ሣር በታኅሣሥ ውርጭ ይቃጠላል፣ ቦታውንም አረም ይወርሰዋል። ድርሻው በዕጣ፣ ከአንድ ቤት አንድ ሰው አንድ ማጭድ። ከብት ሲያዝ መቀጫው በባለቤቱ ላይ ይሁን፤ በእረኛው ሕፃን ላይ የተጣለ ቅጣት ጅራፍ ከመሆን አያልፍም። መቀጫው ቀላል ቢሆን ምንም አይደል፣ የሊቀ መንበሩ ላም ስትያዝም የሚከፈል ከሆነ።

ውሃውን መያዝ የሚጀመረው ከአናቱ ነው። በዘመቻ ቀን ሰው ለመኪናው ቅርብ ስለሆነ ከግርጌው ይጀምራል፤ ከላይ የሚወርደው የመጀመሪያ የሐምሌ ጎርፍ ደግሞ የተሠራውን ሁሉ ይዞት ይሄዳል። የእርከኑን መስመር ውሃ ልክ ለማውጣት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ሁለት ሜትር ያህል ርዝመት ያላቸው ሁለት ቀጥ ያሉ እንጨቶች አናታቸው ላይ ይታሰራሉ፣ እግራቸው ይከፈታል፣ በመካከላቸው አግዳሚ ይመታል፣ ከአናቱ ድንጋይ የታሰረበት ሲባጎ ይንጠለጠላል። ሲባጎው አግዳሚውን የሚነካበት ላይ ምልክት ይደረጋል፤ ሁለቱ እግሮች ቦታ ይለዋወጡና እንደገና ምልክት ይደረጋል፤ የሁለቱ ምልክቶች መካከል ትክክለኛው ውሃ ልክ ነው። ይህን ማለዋወጥ የዘለለ ሰው ሙሉ የእርከን መስመር ያጣምማል፣ ውሃውም ወደ ዝቅተኛው ጫፍ ሰብሰብ ብሎ እዚያው ይሰብረዋል።

በ100 ሜትር ርቀት 30 ሜትር በሚወርድ ተዳፋት ላይ፣ በእርከኖች መካከል የከፍታ ልዩነቱ 1.5 ሜትር ቢሆን አግድም ርቀቱ 5 ሜትር ይመጣል። በድንጋያማ ቦታ የድንጋይ እርከን፤ አፈር ባለበት ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ስፋቱና ጥልቀቱ 50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ትሬንች ይቆፈራል። አንዱ ትሬንች እስከ 750 ሊትር ውሃ ይይዛል። የተቆፈረው አፈር ወደ ታች በኩል ይደልደል፣ ከአፉ አንድ ጫማ ያህል ርቆ፤ አፉ ላይ የተከመረ አፈር በመጀመሪያው ዝናብ ተመልሶ ይገባል።

ቦረቦር ላይ ክትር ሲሠራ ሁለት ስህተቶች ይደጋገማሉ። አንደኛው ክትሩ ከግራና ከቀኝ ግድግዳው ውስጥ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ሳይገባ መቅረቱ ነው፤ ውሃው በጎኑ ዞሮ ቦረቦሩን ያሰፋዋል፣ ክትሩ ደህና ቆሞ ጥቅሙ ይጠፋል። ሁለተኛው መካከሉ ዝቅ ብሎ የማፍሰሻ ቦታ አለመተው ነው። ከማፍሰሻው በታች ውሃው የሚወድቅበት ድንጋይ ካልተነጠፈ ደግሞ መሠረቱ ይሸረሸራል። ርቀቱ ቀላል ስሌት ነው፦ የላይኛው ክትር እግር ከታችኛው ማፍሰሻ ጋር እኩል ይሁን። የቦረቦሩ ወለል በ10 ሜትር 1 ሜትር የሚወርድ ከሆነና ክትሩ 1 ሜትር ከሆነ፣ በየ10 ሜትሩ አንድ ይበቃል።

ዛፍ ላይ ነገሩ ለየት ይላል። ከከብት ያረፈ ኮረብታ ብዙውን ራሱ ያበቅላል፤ ችግኝ የሚያስፈልገው ዘር የሚጥል እናት ዛፍ በአቅራቢያው በሌለበት ነው። ጽድና ኮሶ ወንድና ሴት አላቸው፣ ዘር የሚለቀመው ከሴቲቱ ነው፤ ይህን ሳያውቅ ከወንዱ ሥር የሚጠብቅ አለ። የጽድ ፍሬ ጠቁሮ ሰማያዊ ሲመስል ይለቀማል፣ ተዘፍዝፎ ታሽቶ ሥጋው ይለቃል፣ በጥላ ይደርቃል። ከውስጡ ብዙው ባዶ ነው፣ የበቀለውም ቀስ እያለ ነውና ችግኝ ጣቢያ ውስጥ በዚህ ብርድ ከዓመት በላይ ይቆያል። የኮሶ ዘር ደቃቅ ነው፣ ከአሸዋ ጋር ተደባልቆ ይበተናል፤ ሳይቆይ መዘራትም አለበት። የወይራ ፍሬ ጠንካራ ልባስ ስላለው ጫፉ በጥንቃቄ ካልተሰነጠቀ ያንቀላፋል። ይህ አገር ለጽድ አዲስ አይደለም፦ የመናገሻ ሱባ ደን በዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ሲተከል ዘሩ የሄደው እዚሁ ሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን እንደነበር ይነገራል።

ጉድጓዱ ከመትከያው አንድ ወር ቀድሞ፣ 40 በ40 ሴንቲ ሜትር ይቆፈር። ተከላው አፈሩ ወደ አንድ ስንዝር ተኩል ከራሰ በኋላ ነው፣ ማለትም ሐምሌ። የፕላስቲኩ ቱቦ ይቀደድ፣ ከሥሩ የተጠመዘዘው ሥር ይቆረጥ። በዘመቻ ቀን ከነፕላስቲኩ የሚቀበረው ችግኝ ቁጥሩ አይነገር ይሻላል። በደብረ ብርሃን አካባቢ ገዳዩ ድርቁ ብቻ አይደለም፤ ውርጩ ነው። ብርድ እንደ ውሃ ወደ ዝቅታ ይወርዳል፣ ስለዚህ ረባዳው ቦታ ለሣር ይተው፣ ጽዱ ተዳፋቱ ላይ ይተከል። ከጥቅምት ጀምሮ ለአንድ ዓመት ችግኝ ከምሥራቅ በኩል የሣር መከለያ ይቁምለት፤ የበረደ ቅጠልን የሚጎዳው አንዱ ነገር የማለዳ ፀሐይ ድንገት ሲመታው ነው። ለመኖና ለንብ ትሪ ሉሰርን የሚባለው ትንሽ ዛፍ ብርዱን ይችላል፣ እርከን ላይ ፋላሪስ ሣር ይይዛል። ቬቲቨር የሚባለው የእርከን ሣር ከቆላና ወይና ደጋ የመጣ ምክር ነው፣ እዚህ አይሆንም።

ባሕር ዛፍን መርገም ቀላል ነው። ነገር ግን ባሕር ዛፍ ባይኖር ያ ሁሉ ምድጃ በኩበት ይነድ ነበር፣ ማሳውም ፍግ ያጣ ነበር። ከምንጭ ራስና ከኮረብታው ደረት ይራቅ፣ ከመንደሩ ጥግ ግን ይኑር። እንጨት ያለው ቤት ጥብቁን አይደፍርም።

ስለ ድንጋዩ አንድ ነገር ሳይባል አይቅር። በሰሜን ሸዋ ኮረብታ ማለት አንኮበርን የመሰለ የነገሥታት መቀመጫ ነው፤ ብዙው ጉብታ ላይ የፈረሰ ካብ፣ የመቃብር ክምር፣ የጥንት ቅጽር አለ። የእርከን ድንጋይ ፍለጋ የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚያፈርሰው ይህንን ነው፣ የተጠረበና ለመሸከም የተመቸ ስለሆነ። ከዘመቻው ሳምንት አስቀድሞ ሁለት ሽማግሌና አንድ የባህልና ቱሪዝም ባለሙያ ዞረው እነዚህን ቦታዎች በገመድ ይከልሉ፣ ፎቶ ይነሣ፣ ቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፍ። በቁፋሮ ጊዜ ሸክላ ወይም አጥንት ከወጣ ትሬንቹ እዚያው ይቁም፤ ድንገት የተገኘ ቅርስን ማስታወቅ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ግዴታ ነው። ትሬንቹን አምስት እርምጃ ወደ ጎን ማዛወር ለውሃው ለውጥ የለውም።

ግንቦት ላይ፣ አዲስ ጉድጓድ ከመቆፈሩ በፊት፣ ያለፈው ዓመት ችግኝ ይቆጠር። ከአሥር መስመር አንዱን መርጦ እያንዳንዱን ማየት ይበቃል። የሞተው ይነቀልና ሥሩ ይታይ፦ ጠቁሮ ከበሰበሰ ውሃ ተኝቶበታል፣ ከተጠመዘዘ ፕላስቲኩ አልወጣም ወይም ሥሩ አልተቆረጠም፣ ሥሩ ደህና ሆኖ ጫፉ ከነደደ ውርጭ ነው፣ ግንዱ አንገቱ ላይ ከተላጠ ፍየል ገብቷል። ምክንያቱ ያልታወቀበት ጉድጓድ ውስጥ ዘንድሮ ሌላ ችግኝ አይግባ።