ቀኑን ቁጠሩ፦ በአሜሪካ ጦር ውስጥ ከክትባት በኋላ ስለሚመጣው ሕመም

ምልምሉ ፎርት ጃክሰን ይግባ ላክላንድ፣ ግሬት ሌክስ ይግባ ፓሪስ አይላንድ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እጅጌውን ሰብስቦ መሰለፉ አይቀርም። በአንድ ጠዋት ሁለቱንም ክንዱን ይወጋል፣ አንዳንዱ መቀመጫውም ላይ ይጨመርለታል፣ ሁለት እንክብልም ይውጣል። ቤት ለመደወል ሲፈቀድለት "እማዬ፣ መርፌ ወግተውኝ አሞኛል" ይላል። ስልኩ ይዘጋል፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አትላንታ ያለችው እናት ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ ታጣለች። ይህን የምጽፈው ለልጁም ለእናቱም ነው።

ከክትባት በኋላ የሚመጣ ሕመም የራሱ ሰዓት አለው። በማግስቱ ክንድ ቢያብጥ የሚጠበቅ ነው። በ9ኛው ቀን ትኩሳት ቢመጣም ከአንዳንዱ ክትባት የሚጠበቅ ነው። በ10ኛው ቀን ደረትን የሚጨመድድ ሕመም ግን ለደቂቃም አይደበቅም። ይህን ለመለየት ቀኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ኪሳችሁ ውስጥ በምትይዛት ትንሽ ደብተር ላይ ቀኑን፣ የክትባቱን ስምና የትኛው ክንድ እንደሆነ ጻፉ። "ግራ፦ ኩፍኝና ጉድፍ፤ ቀኝ፦ ቴታነስና ማጅራት ገትር" የምትል አንድ መስመር ከሁለት ሳምንት በኋላ ለሐኪሙ ከረጅም ገለጻ ትበልጥበታለች።

መጀመሪያ ግን ወረቀት። ከኢትዮጵያ የሄደ ሰው ለግሪን ካርድ ሲመረመር የተሞላለት የክትባት ቅጽ አለ፤ አዲስ አበባ የተመረመረ ዲኤስ-3025፣ አሜሪካ ውስጥ የተመረመረ አይ-693 ይባላል። ቅጂውን ከቢጫ ካርዱ ጋር ይዛችሁ ሂዱ። ማስረጃ ከሌለ ወይ በደም ምርመራ የመከላከያ አቅማችሁ ይለካል፣ ወይ እንደገና ትወጋላችሁ። አብዛኛውን ክትባት መድገም ጉዳት የለውም፤ ቴታነስ ግን በአጭር ጊዜ ልዩነት ሲደጋገም በ4 እና በ12 ሰዓት መካከል ክንዱን ከትከሻ እስከ ክርን ሊያሳብጠው ይችላል። በሰውነት ውስጥ የነበረው ብዙ ፀረ-አካል ከአዲሱ መድኃኒት ጋር እዚያው ስለሚጋጭ ነው። አንዲት ወረቀት ይህን ታስቀራለች። ደማችሁ ተመርምሮ መከላከያ ካለው መዝገባችሁ ላይ "ኤም አይ" የሚል ምልክት ይገባል፣ ያ መርፌም ይቀራል።

ስለ ቢሲጂም፣ ስለ ሳንባ ነቀርሳ ክትባቱ፣ አንድ ነገር ልበል። አብዛኞቻችን በሕፃንነታችን ተከትበን ክንዳችን ላይ ጠባሳ አለ። ቆዳ ሥር የሚወጋው የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ በዚህ የተነሳ ሊያብጥና "ታመሃል" ሊያሰኝ ይችላል። በደም የሚደረገውን እንደ ኳንቲፌሮን ያለ ምርመራ ጠይቁ፤ ቢሲጂ አያሳስተውም። የነቀርሳ ምርመራው ደግሞ እንደ ኩፍኝ ካሉ ሕያው ቫይረስ ያለባቸው ክትባቶች ጋር በአንድ ቀን ይደረግ፣ ካልሆነ ቢያንስ 4 ሳምንት ይቆይ። በመሃል ከተደረገ ውጤቱ ሊዛባ ይችላል።

የመጀመሪያው 15 ደቂቃ ትልቁ አደጋ መውደቅ ነው። ሌሊቱን ያልተኛ፣ ቁርስ ያልበላ፣ ጉልበቱን ገትሮ የቆመ ወጣት መርፌውን ሲያይ ደሙ ወደ እግሩ ይወርዳል፣ ራሱን ይስታል። ጉዳቱ የሚመጣው ጭንቅላቱ ወለል ሲመታ ነው። ጾም ላይ ከሆናችሁ በዚያን ቀን ማለዳ የሚበላ ነገር ቅመሱ፣ ውኃ ጠጡ፤ የንስሐ አባታችሁን ከመሄዳችሁ በፊት አማክሩ። ከዚህ በፊት መርፌ ላይ ወድቃችሁ የምታውቁ ከሆነ ለሜዲኩ፣ ለሚወጋችሁ የጦሩ ጤና ባለሙያ፣ ተናገሩ፣ አስተኝቶ ይወጋችኋል። ላብ ላብ ሲላችሁ፣ ጆሯችሁ ሲጮኽ፣ ዓይናችሁ ሲጨልም እዚያው መሬት ላይ ተቀመጡ። ማንም አይቆጣም።

ከዚህ የሚለየው አለርጂ ነው፤ ከሚሊዮን መርፌ በአንዱ ገደማ ይከሰታል። ቆዳ ላይ የሚያሳክክ እብጠት ይወጣል፣ ከንፈር ወይም ምላስ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያፏጫል። መድኃኒቱ ጭን ላይ የሚወጋ ኤፒነፍሪን ነው። "ትንሽ ይለፍልኝ" ብሎ ወደ ሰፈር መመለስ የሚገድለው ይህን ጊዜ ነው።

ቀጥሎ ያሉት ሁለት ቀናት የክንድ ናቸው። ሲወጉ ጡንቻውን አታጠንክሩ፣ ክንዱን ልቀቁት። ከተወጋችሁ በኋላ ደግሞ አንቀሳቅሱት፤ የቆመ ክንድ የበለጠ ይጠነክራል። በመጀመሪያው ቀን ቀዝቃዛ ጨርቅ ጥሩ ነው። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ቁርጥማትና የብብት ንፍፊት ብዙውን ጊዜ በ48 ሰዓት ይለቃሉ። አገር ቤት ፓራሲታሞል የምንለው አሜሪካ ውስጥ አሴታሚኖፌን ወይም ታይሌኖል ነው። ሁለቱን የተለያየ መድኃኒት መስሏቸው አንድ ላይ የሚውጡ አሉ፤ ጉንፋን ማስታገሻ ሽሮፖች ውስጥም ተደብቆ አለ። በ24 ሰዓት ከ3,000 ሚሊግራም አትለፉ። አይቡፕሮፌን ከሆነ 400 ሚሊግራም ከምግብ ጋር፣ በቀን ከሦስት ጊዜ ሳይበልጥ። በሐምሌ ሙቀት ሰልፍና ሩጫ ላይ ውኃ ጎድሎባችሁ ከሆነ ግን አይቡፕሮፌን ኩላሊትን ይጎዳል፤ ያን ጊዜ አሴታሚኖፌን ይሻላል። ምልምል የራሱን መድኃኒት መያዝ ስለማይፈቀድለት ሁሉም በሲክ ኮል፣ የታመመ ወታደር ሐኪም በሚያይበት ሰዓት፣ በኩል ነው። ሕመሙ ሳይጀምር አስቀድሞ መዋጥም አያስፈልግም።

ክንዱ እስከ ሳምንት ካልተሻለው፣ እጅን ከራስ በላይ ማንሳት ካስቸገረ፣ ምናልባት መርፌው ከፍ ብሎ ተወግቷል። ትክክለኛው ቦታ ትከሻ ላይ ከሚዳሰሰው የአጥንት ጫፍ ሁለት ወይም ሦስት ጣት ወረድ ብሎ ነው። ከዚያ በላይ ከተወጋ መድኃኒቱ የመገጣጠሚያውን ከረጢት ያቆጣዋል፣ ሕመሙም ወራት ሊቆይ ይችላል። ሐኪሙ መርፌው የገባበትን ቦታ እንዲያይና እንዲጽፍ ጠይቁ።

ሁሉም የሚያወራለት የመቀመጫው መርፌ ግን ክትባት አይደለም። ወታደሮቹ የኦቾሎኒ ቅቤ የሚሉት ቢሲሊን፣ አገር ቤት በልብ ሕመም የሚከታተሉ ልጆች በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ የሚወጉት ያው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ነው። በሰፈሩ ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው የጉሮሮ ሕመም ባክቴሪያ እንዳይዛመት የሚሰጥ ሲሆን መጠኑ 1.2 ሚሊዮን ዩኒት ነው። በማቀዝቀዣ ስለሚቀመጥና ስለሚወፍር ጡንቻው ውስጥ እንደ እብጥ ይቆያል፣ ለሁለት ሦስት ቀን መቀመጥ ያስጠላል። ሲወጋችሁ ክብደታችሁን በሌላኛው እግር ላይ ጣሉ፣ የሚወጋውን እግር ጣቶች ወደ ውስጥ አዙሩ፤ ጡንቻው ይላላል። ከዚያ ተራመዱ፣ ቁጢጥ ብድግ በሉ፣ በእጃችሁ እሹት። ጋደም ያለ ሰው በማግስቱ ሲነሳ ያነክሳል። በልጅነታችሁ ፔኒሲሊን ሽፍታ አውጥቶባችሁ ከነበረ ሰልፉ ውስጥ ሳትገቡ ተናገሩ፤ በምትኩ የሚዋጥ ሌላ መድኃኒት አለ።

እንክብሎቹ ትኩሳትና ሳል የሚያመጣውን አዴኖቫይረስ የሚከላከሉ ሕያው ክትባቶች ናቸው፤ አንዱ ነጭ፣ ሌላው ፈዘዝ ያለ የኮክ ቀለም ያለው። ሳይታኘኩ ሳይሰበሩ ይዋጣሉ፣ ምክንያቱም ሽፋናቸው ቫይረሱ አንጀት ደርሶ እንጂ ጉሮሮ ላይ እንዳይፈታ ነው የተሠራው። የራስ ምታት፣ የአፍንጫ መታፈን፣ የሆድ ቁርጠት ወይም ተቅማጥ ሊከተል ይችላል። ቫይረሱ እስከ 28 ቀን ከሰገራ ጋር ስለሚወጣ ከመጸዳጃ በኋላ እጅ በሳሙና መታጠብ ግድ ነው። እርጉዝ የሆነች ወይም በ6 ሳምንት ውስጥ ለማርገዝ ያሰበች ሴት አትወስዳቸውም።

ከ5ኛው እስከ 12ኛው ቀን ያለው ጊዜ ብዙ ሰው ያደናግራል። ክንዱ ድኗል፣ መርፌው ተረስቷል፣ በድንገት ትኩሳትና ቀላ ያለ ሽፍታ ይመጣል። ይህ የኩፍኝ፣ ጆሮ ደግፍና ሩቤላ ክትባት ሰዓቱ ነው፤ ሕያው ቫይረስ ለመራባት ሳምንት ይፈጅበታል። የሩቤላ መከላከያ ከሌላቸው አዋቂ ሴቶች ከ4 አንዷ ገደማ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ የጣትና የጉልበት መገጣጠሚያ ሕመም ይሰማታል፣ በራሱም ይለቃል። የጉድፍ ክትባት ደግሞ እስከ 26ኛው ቀን ጥቂት ውኃ የቋጠሩ ፍንጣሪዎች ሊያወጣ ይችላል፤ እስኪደርቁ ሸፍኗቸው። እናቶች በስልክ "ምች ነው" ይሉ ይሆናል። ደብተሩን ገልጣችሁ ቀኑን ንገሯቸው።

ወደ አንዳንድ ተልዕኮ የሚሄዱት የአባ ሰንጋ ክትባት ይጨመርላቸዋል፦ 0.5 ሚሊሊትር በመጀመሪያው ቀን፣ በ4 ሳምንት፣ በ6፣ በ12 እና በ18 ወር፣ ከዚያ በየዓመቱ። ሲገባ ያቃጥላል፣ ከቆዳ ሥር የአተር ፍሬ የምታክል ጓጉል ለሳምንታት ልትቆይ ትችላለች። ቀጣዩን በሌላኛው ክንድ አድርጉት።

ለተመረጡ ክፍሎች የሚሰጠው የፈንጣጣ ክትባት ግን ከሁሉም የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ወላጆቻችን ክንድ ላይ ያለው ክብ ጠባሳ የእሱ ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ የመጨረሻው ፈንጣጣ የታየው በ1976 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፣ ከዚያ ወዲህ የተወለድነው አናውቀውም። ኤካም2000 (ACAM2000) የሚባለው በመንታ ጫፍ መርፌ 15 ጊዜ ቆዳውን ወጋ ወጋ ተደርጎ ይሰጣል። በ3ኛው ወይም 4ኛው ቀን ቀይ ጉብታ ይወጣል፣ ውኃ ይቋጥራል፣ መግል ይሆናል፣ መሃሉ ይሰረጉዳል፣ ቅርፊት ሠርቶ ከ14 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ይወድቃል። በ8ኛው እስከ 10ኛው ቀን ዙሪያው ከ7.5 ሴንቲሜትር በላይ ቀልቶ፣ ብብት አብጦ፣ ትኩሳት ቢኖር ብዙ ሐኪም "ተበክሏል" ብሎ አንቲባዮቲክ ያዛል። በዚያ ቀን ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ ክትባቱ መያዙ ነው፤ በ24 እስከ 72 ሰዓት ይበርዳል። እውነተኛው የባክቴሪያ ብክለት የሚመጣው በመጀመሪያዎቹ 5 ቀናት ወይም ከ30 ቀን በኋላ ነው።

ቁስሉ ላይ ቅቤም፣ ዳማከሴም፣ ቅባትም አይደረግም። በጎዝ ይሸፈናል፣ ላዩ ላይ እጅጌ ይለበስበታል፣ በረጠበ ቁጥር ይቀየራል። የተነሳው ጎዝና የወደቀው ቅርፊት በሚዘጋ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ በረኪና ተጨምሮበት ይጣላል። ፎጣ ለብቻ፣ ልብስ በሙቅ ውኃ። ኮንታክት ሌንስ የምታደርጉ ለጊዜው መነጽር ተጠቀሙ፤ ጣት ከክንድ ወደ ዓይን ቫይረሱን ይወስደዋል። ችፌ ያለበት ሰው፣ ወይም ቤቱ ችፌ ያለበት፣ እርጉዝ ወይም ዓመት ያልሞላው ሕፃን ያለ ሰው ከመወጋቱ በፊት ይናገር። በ2007 እ.ኤ.አ ጉዞው የዘገየ አንድ ወታደር ቤተሰቡን ጎብኝቶ ችፌ የነበረበት የ28 ወር ልጁ ሰውነቱ ግማሽ ያህሉ በቁስል ተሸፍኖ ቺካጎ ሆስፒታል ገባ። ልጁ ተርፏል። በእኛ ቤት ሕፃን ከእጅ ወደ እጅ ስለሚዞር ይህን ደጋግሜ እናገራለሁ፦ ቅርፊቱ እስኪወድቅና አዲስ ቆዳ እስኪያወጣ ሕፃን አትቀፉ።

ሌላው ልብ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ኤካም2000 ከወሰዱ 1,000 ሰዎች 5.7 ገደማ የሚሆኑት የልብ ጡንቻ ወይም ሽፋን ብግነት ይገጥማቸዋል፣ ብዙውን ጊዜ በ10ኛው ቀን አካባቢ። የደረት ሕመም፣ የልብ ድው ድው ማለት፣ ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ማጠር ምልክቶቹ ናቸው። ወጣት ወንዶች ላይ ከኤምአርኤንኤ የኮቪድ ክትባት በኋላ ሲከሰት ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ነው። ኢሲጂ የሚባለው የልብ ምት ምርመራና ትሮፖኒን የሚባለው የደም ምርመራ ይደረግ፤ እስኪታወቅ ፒቲ፣ የአካል ብቃት ልምምዱ፣ የለም። የተበገነ ልብ ይዞ መሮጥ ምቱን ሊያዛባው፣ ሊያቆመውም ይችላል።

እዚህ ላይ ነው ልጆቻችን የሚሳሳቱት። "ሪሳይክል ያደርጉኛል፣ ሥልጠናውን ከመጀመሪያ እጀምራለሁ" ብለው ሕመሙን ይውጡታል። ለአንድ ቀን ትኩሳት ማንም ወደ ኋላ አይመልስም፤ የሚሰጠው የሥራ ገደብ ወረቀት፣ ፕሮፋይል የሚሉት፣ ለዚሁ ነው። ሲክ ኮል ስትገቡ "አሞኛል" ብቻ አትበሉ። "ፈንጣጣ ከተወጋሁ 10ኛ ቀኔ ነው፣ ከትናንት ማታ ጀምሮ ደረቴን ያመኛል፣ ስተኛ ይብሳል" በሉ። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ ቀድማችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት።

ከባድ ምላሽ ከነበረ መዝገቡ ላይ እንዲሰፍርና ቀጣዩን ዶዝ የሚያስቀረው "ኤም አር" የሚለው ምልክት እንዲገባ ጠይቁ። ሆስፒታል ያስተኛ ወይም 24 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከሥራ ያስቀረ ምላሽ ቬርስ ለሚባለው የፌዴራል የክትባት ምላሽ መዝገብ መላክ አለበት፤ ሐኪሙ ቸል ቢል ራሳችሁ ወይም ቤተሰብ መላክ ይቻላል። ናሽናል ጋርድና ሪዘርቭ ውስጥ ያላችሁ የትርፍ ጊዜ ወታደሮች ደግሞ ቅዳሜ ተወግታችሁ ማክሰኞ ቤታችሁ ብትታመሙ ለክፍላችሁ ወዲያው አሳውቁ፣ ሕመሙ በአገልግሎት ላይ መምጣቱን የሚመዘግበው "ላይን ኦፍ ዱቲ" የሚባለው ወረቀት ይከፈትላችሁ። ያ ወረቀት ሳይኖር ዓመታት አልፈው ቪኤ፣ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ዘንድ ስትቀርቡ፣ ሕመሙ ከዚያ ቅዳሜ መርፌ የመጣ መሆኑን ለማሳየት በእጃችሁ የምትቀረው ያቺ ትንሽ ደብተር ብቻ ናት።