ከፊት በስተቀኝ የሚሰማው ኳኳታ

መኪናዬ ከፊት በስተቀኝ በኩል መንኳኳት የጀመረችው በጥር መጨረሻ ነው። ድምፁ በጣሳ ውስጥ የተረሳ ብሎን ሲንገጫገጭ ይመስል ነበር። እኔ በምኖርባት ድሬዳዋ ከሳቢያን ሰፈር ወደ ከዚራ በአስፋልት ስጓዝ አይሰማም፤ ኮብልስቶን ላይ ስወጣ፣ በተለይም በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር በታች ስነዳ፣ ያለማቋረጥ ይንኳኳል። የነዳጅ መኪና ብትሆን ኖሮ ሞተሩ እየሸፈነው ለወራት ሳላስተውለው እቆይ ነበር። ኤሌክትሪክ መኪና ግን በዝግታ ስትሄድ ከጎማዎቿ በቀር ይህ ነው የሚባል ድምፅ ስለሌላት፣ በአካሏ ላይ የላላ ነገር ሁሉ ወዲያው ጆሮ ውስጥ ይገባል።

መጀመሪያ የወሰድኳት ጋራዥ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ከነዷት በኋላ፣ የባትሪው ማሰሪያ ስለላላ ባትሪው ወርዶ መታየት አለበት አሉኝ። በ2016 ዓ.ም. ነዳጅ የሚጠቀሙ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ብዙዎቻችን ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ስለዞርን፣ ከሥር የሚመጣን ነገር ሁሉ በባትሪው ማሳበብ እየተለመደ መጥቷል። ይህ ልማድ በጣም ያሳስበኛል። እንዲህ ያለው ባትሪ ከ300 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል፤ ብርቱካናማ ቀለም ባላቸው ገመዶቹ ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክም ብዙውን ጊዜ ከ300 እስከ 400 ቮልት ስለሚደርስ፣ ሥልጠናና መሣሪያ የሌለው ሰው ቢነካው ሊገድለው ይችላል። ደግሞም ባትሪው በአራቱ ጎማዎች መካከል ወለሉን በሙሉ የያዘ ስለሆነ፣ ቢላላ ኖሮ ስነሳና ፍሬን ስይዝ ጭምር ከመቀመጫዬ ሥር ከበድ ያለ ምት ይሰማኝ ነበር እንጂ ከአንድ ጥግ የሚመጣ ቀጭን ኳኳታ አይሆንም ብዬ አሰብኩ። ስለዚህ አልፈቀድኩም።

ቀጥሎ የጠረጠርኩት የፍሬን ሸራውን ነበር። የታወቀው መለያ ዘዴ ድምፁ እየተሰማ ሳለ ፍሬኑን በስሱ መርገጥ ነው፤ ሸራው ዲስኩን ሲይዝ ኳኳታው ከቆመ፣ የላላው ሸራው ነው ማለት ይቻላል። እኔም ረገጥኩ፤ ኳኳታው አልቆመም፤ ሸራው ደህና ነው ብዬም ተውኩት። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ሙከራው ዋጋ እንዳልነበረው ተረዳሁ። በብዙ ኤሌክትሪክ መኪኖች ፍሬኑ በስሱ ሲረገጥ መኪናውን የሚያዘገየው ሞተሩ ነው፤ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር ሆኖ ኃይሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል እንጂ ሸራው ከዲስኩ ጋር ላይገናኝ ይችላል። በማግስቱ ሰው በሌለበት ደልዳላ መንገድ ላይ፣ በዝግታ እየሄድኩ ማርሹን ዜሮ አድርጌ ሙከራውን ደገምኩት፤ ማርሹ ዜሮ ላይ ሲሆን ሞተሩ ኃይል ስለማይመልስ የሚሠራው ሸራው ብቻ ነው። ኳኳታው አሁንም ስላልቆመ ሸራውን በእርግጠኝነት ከዝርዝሬ አወጣሁት። ለነዳጅ መኪና የተማርነውን ዘዴ ሳናስተካክል ብንጠቀምበት እንዲህ ሊያሳስተን እንደሚችል ሌሎች ባለቤቶችም ቢያውቁት ደስ ይለኛል።

ዋናውን ፍንጭ ያገኘሁት ከፍጥነት መግቻ ላይ ነው። ሁለቱ የፊት ጎማዎች እኩል ሲወጡና ሲወርዱ ድምፅ የለም፤ የቀኙ ጎማ ብቻውን ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ግን ይንኳኳል። ስታቢላይዘር የሚባለው ብረት የግራና የቀኝ ጎማዎችን እንቅስቃሴ የሚያያይዝ ሲሆን፣ ሁለቱም አንድ ላይ ሲነሱ ዝም ብሎ ይዞራል፤ አንዱ ብቻ ሲነሳ ይጠመዘዝና ጫፎቹን ከጎማዎቹ ጋር የሚያገናኙትን ሊንክ የሚባሉ አጫጭር ዘንጎች ይጎትታቸዋል። በሊንኩ ጫፍ ያለው ኳስ መሰል መገጣጠሚያ ከተበላ የሚያንኳኳው በዚህ ጊዜ ነው።

ይህን ይዤ ሐረር ላሉ አንድ አንጋፋ መካኒክ ወሰድኳት። አብዛኛውን ዕድሜያቸውን ያሳለፉት የሐረርን ፔጆ 404 ታክሲዎች ሲጠግኑ ነው። በመጀመሪያ በጁገል ግንብ ጥግ፣ ግንቡን በስተቀኝ አድርገን መስኮቱን ከፍተን በዝግታ እንድንሄድ አዘዙኝ፤ ግንቡ ድምፁን መልሶ ስለሚያመጣው ከውስጥ ድፍን ይመስል የነበረው ኳኳታ ጥርት ብሎ ተሰማ። ከዚያ መኪናዋን አጥፍተን፣ መሪውን እስከ መጨረሻው አዙረን፣ እጃቸውን ከጎማው ጀርባ አስገብተው ሊንኩን ያዙና «በል ልጄ፣ ከላይ ወዝውዛት» አሉኝ። ሁለት ጊዜ ወዘወዝኳት። «እዚሁ ነው፤ እጄ ላይ እየመታኝ ነው» አሉ።

«ጋሼ፣ ባትሪው አይሆንም?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ ባትሪውን የሚነካ ሥራ እንደማይሠሩ፣ ይህ ግን የማንኛውም መኪና እግር እንደሆነ ነገሩኝ። የሚችሉትንና የማይችሉትን እንዲህ ለይተው መናገራቸው እምነቴን ጨመረው።

ጥገናው ከአንድ ሰዓት ብዙም አልበለጠም። ክሪኩን ያስገባነው በመኪናዋ ጠርዝ ላይ ምልክት በተደረገበት ቦታ ነው፤ ባትሪው ሆድ ላይ ክሪክ ማስገባት ከኳኳታው የከፋ ጉዳት ያመጣል። ሁለቱንም የፊት ጎማዎች አነሳናቸው፤ አንዱ ብቻ ከተነሳ ስታቢላይዘሩ ተወጥሮ ሊንኩን ለማውጣት ያስቸግራልና። ዳዶው ሲፈታ የኳሱ ዘንግ አብሮ እንዳይዞር በሌላ መፍቻ መያዝ ነበረበት። የግራው ሊንክ ገና ባያንኳኳም እኩል ዕድሜ ስላለው ሁለቱንም ቀየርናቸው። በዚያው ከሥር ያለው የፕላስቲክ መሸፈኛ ሁለት ማያያዣ እንደጎደለው አይተን ተካንለት።

በዚያው ቀን በደንገጎ ጠመዝማዛ ወደ ድሬዳዋ ስወርድ መስኮቴን ከፍቼ አዳመጥኩ፤ የጎማውና የነፋሱ ድምፅ ብቻ ነበር። ሰፈሬ ደርሼ የቀኙን ጎማ ሆን ብዬ ኮብልስቶኑ ላይ ወዳለው ጉድጓድ አስገባሁት፤ አልተንኳኳም። ከሳምንት በኋላ ዳዶዎቹን እንደገና ፈተሽኳቸው፤ አልላሉም።