ከወረዳ ምክር ቤት እስከ ክልል ምክር ቤት
በ2005 ዓ.ም. በተካሄደው የአካባቢ ምርጫ ለወረዳ ምክር ቤት ስመረጥ የሒሳብ መምህርት ነበርኩ፤ አባልነቱ ደመወዝ ስለሌለው ማስተማሬን አላቋረጥኩም። ቀጣዩ የአካባቢ ምርጫ በ2010 ዓ.ም. መካሄድ ሲገባው ስለተራዘመ፣ በ2013 ዓ.ም. ፓርቲዬ ለክልል ምክር ቤት እጩ አድርጎ እስኪያቀርበኝና እስክመረጥ ድረስ በወረዳው ቆየሁ። በእነዚህ ዓመታት ከሁሉ አስቀድሜ መማር የነበረብኝ፣ የሕዝብ ጥያቄ በየትኛው የመንግሥት እርከን እንደሚመለስ መለየት ነበር። የተማርኩት ግን ዘግይቼ ነው።

በምርጫ ቅስቀሳው ወቅት፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ወንዙ እየሞላ ልጆች ከትምህርት በሚቀሩበት አንድ ቀበሌ ድልድይ እንደማሠራ ቃል ገባሁ። ከተመረጥኩ በኋላ የወረዳውን የበጀት ሰነድ ገጽ በገጽ ሳነበው፣ ከክልሉ በድጎማ የሚመጣው ገንዘብ አብዛኛው ለመምህራን፣ ለጤና ባለሙያዎችና ለግብርና ሠራተኞች ደመወዝ የሚውል ሆኖ አገኘሁት፤ ለካፒታል ሥራ የተረፈው ድልድይ ቀርቶ የተበላሸ መንገድ ለመጠገን እንኳ አይበቃም ነበር። በዓመቱ ለሕዝብ ውይይት ወደዚያው ቀበሌ ስመለስ አንድ አዛውንት ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡና፣ «ልጄ፣ አንቺ ድልድዩን በአፍሽ ሠርተሽልን ሄድሽ፤ ልጆቻችን ግን ዛሬም ውኃውን እየፈሩ ነው የሚሻገሩት» አሉኝ። ይቅርታ ከመጠየቅ በቀር የምመልሰው አልነበረኝም።

ከዚያ በኋላ በአንድ ደብተር ላይ ጥያቄውን፣ የቀረበበትን ቀንና ጉዳዩ የወረዳ፣ የዞን፣ የክልል ወይስ የፌዴራል መሆኑን መመዝገብ ጀመርኩ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቢጀምርም እቅዱ የሚዘጋጀው ከወራት በፊት ስለሆነ፣ በጀት በሚጸድቅበት ጉባኤ ላይ የሚነሣ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ ጭብጨባ እንጂ ገንዘብ አያስገኝም። ሪፖርትንም በወረቀቱ ብቻ ማመን ተውኩ። «አገልግሎት እየሰጠ ነው» የተባለ የውኃ ቦኖ ድረስ ሄጄ ቧንቧውን ስከፍተው ከአየር በቀር የወጣ ነገር አልነበረም፤ በዙሪያው ያደገው ሣርም ውኃ ከጠፋ መቆየቱን ይናገር ነበር።

የክልል ምክር ቤት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 50 መሠረት የክልሉ ከፍተኛ የሥልጣን አካል ነው፤ በክልሉ ሥልጣን ሥር በሆኑ ጉዳዮች ሕግ ያወጣል። ወደዚያ ስገባ ከሁሉ የከበደኝ፣ የወረዳዬን ጥያቄ ይዤ ተቀምጬ የሌሎቹን ወረዳዎች በእኩል ዓይን ማየት ነበር። በድጎማው ክፍፍል ለአንዱ የሚጨመረው ከሌላው ላይ ስለሚነሣ፣ የራሴን ሰዎች ማስደሰት ብቻውን ሥራዬ ሊሆን አይችልም ነበር፤ ይህን ለመራጮቼ ፊት ለፊት መንገር ግን ዛሬም ይከብደኛል።

ድልድዩ እስካሁን አልተሠራም። ጥናቱና ዲዛይኑ ተጠናቆ በክልሉ ጉዳዩን በያዘው መሥሪያ ቤት በኩል የበጀት ጥያቄ ቀርቦለታል። ባለፈው ውይይት ደብተሩን ገልጬ ደብዳቤው የተጻፈበትን ቀንና አሁን ያለበትን ደረጃ ለነዋሪዎቹ አነበብኩላቸው፤ የሚጠናቀቅበትን ጊዜ ሲጠይቁኝ ግን በጀቱ ሳይጸድቅ ቀን ልሰጣቸው እንደማልችል ነገርኳቸው።