ፊቱ የሌለበት የጆን ጃክሰን ምስል

ጆን ጃክሰን እንግሊዛውያን ያለ ጓንት፣ በባዶ እጃቸው በሚቧቀሱበት ዘመን ስማቸው ከገነነ ቦክሰኞች አንዱ ሲሆን፣ በጠባዩም የተነሣ «ጨዋው ጃክሰን» ይባል ነበር። እኔ ግን ከግጥሚያዎቹ ይልቅ የሚመስጠኝ ሰር ቶማስ ሎረንስ የሣለው ግዙፍ የዘይት ቀለም ሥዕል ነው። ሥዕሉ ከእንግሊዛዊው ባለቅኔ ከጆን ሚልተን «የጠፋችው ገነት» ታሪክ ተወስዶ ሰይጣን ሠራዊቱን ሲጠራ የሚያሳይ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1797 በለንደን ሮያል አካዳሚ ለእይታ ቀርቧል። ለሰይጣን ገላ ሞዴል የሆነው ጃክሰን ነው፤ ፊቱ ግን የተወሰደው ከዝነኛው ተዋናይ ከጆን ፊሊፕ ኬምብል ነው።

ሸራው ከ4 ሜትር በላይ ቁመት አለው። ሰይጣን ራቁቱን፣ እግሮቹን አንፈራጦ፣ ጦርና ጋሻ ይዞ ክንዶቹን ወደ ላይ ዘርግቶ ቆሟል። ክንዶቹ ወደ ላይ በመነሣታቸው ደረቱ ተለጥጧል፣ ሆዱ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ የጎኑም ጡንቻዎች አንድ በአንድ ተለይተው ይታያሉ። ቦክሰኛ ክንዱን ደረቱ ፊት አድርጎ ጎኑን መከላከልን ከሁሉ አስቀድሞ የሚማር በመሆኑ፣ ሎረንስ ጃክሰንን ያቆመው በግጥሚያ ሜዳ ፈጽሞ በማይቆምበት አኳኋን ነው። ያን ገላ እንዲህ በሙላት ልናየው የቻልነውም በዚሁ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ። ፊቱ ግን የመድረክ ፊት ነው፤ ቁጣው ተጠንቶ የተሠራ ይመስላል። በእኔ ዐይን የሥዕሉ እውነት ከአንገት በታች ያለው ነው፣ ያም የጃክሰን ነው።

በዚያ ዘመን በባዶ እጅ የሚቧቀስ ሰው አፍንጫው ተሰብሮ፣ ቅንድቡ ተሰንጥቆ መቅረቱ የተለመደ ነበር። ጃክሰን ግን በሕዝብ ፊት የተጋጠመው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1795 በኤሴክስ፣ ሆርንቸርች ላይ ከዳንኤል ሜንዶዛ ጋር ያደረገው ሲሆን፣ 11 ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ በእርሱ አሸናፊነት ተጠናቋል። በዚህ ግጥሚያ ጃክሰን የሜንዶዛን ረጅም ፀጉር በአንድ እጁ ጨብጦ በሌላው መትቶታል። እ.ኤ.አ. በ1743 የወጣው፣ «የብራውተን ደንብ» የተባለው የቡጢ ግጥሚያ ሕግ ተጋጣሚን ከወገብ በታች መያዝን እንጂ ፀጉር መጨበጥን አልከለከለም ነበርና ድሉ ጸና። «ጨዋው» የሚለው ስም ከዚህ ድርጊት ጋር እንዴት እንደሚታረቅ ሳስብ አሁንም ይከብደኛል፤ ሜንዶዛ በቁመትም በክብደትም ከእርሱ እጅግ ያነሰ፣ በብልሃቱ የሚታወቅ ተፋላሚ ነበርና።

ከዚያ በኋላ ጃክሰን በለንደን ቦንድ ስትሪት የቡጢ ትምህርት ቤት ከፍቶ መኳንንትን ያሠለጠነ ሲሆን፣ ባለቅኔው ሎርድ ባይረን ከተማሪዎቹ አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1821 ጆርጅ አራተኛ ዘውድ ሲጭን ደግሞ ጃክሰን እንደ ቤተ መንግሥት አሽከር የለበሱ ቦክሰኞችን መርቶ በሥርዓቱ ላይ በር ጠብቋል። ሎረንስም በዚያን ጊዜ የሮያል አካዳሚ ፕሬዚዳንትና የዚያው ንጉሥ ሠዓሊ ነበር።