የአማዞን አረም፣ የሞሮኮ ማዳበሪያ፦ ከባሕር ዳር ወደ ፎገራ

ከባሕር ዳር ወረታ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የጣናን አረም፣ እንቦጭን፣ ለማየት የሚሄድ ሰው ግን ወረታ ለመድረስ ሳይቸኩል ጉማራ ድልድይ ላይ ቢወርድ ይሻለዋል። ነሐሴ ላይ ወንዙ ደፍርሶ፣ የደጋውን አፈር ተሸክሞ ወደ ጣና ይወርዳል። ከአፈሩ ጋር ከማሳ የታጠበ ማዳበሪያ፣ ዩሪያና ኤንፒኤስ፣ አብሮ አለ። ኤንፒኤሱ በአብዛኛው የሞሮኮ ነው፤ በጅቡቲ ገብቶ፣ በከባድ መኪና ተጭኖ ነው እዚህ የደረሰው። አረሙ የሚቀለበው በዚህ ነው።

ከድልድዩ ወዲያ የፎገራ ሜዳ ይዘረጋል። ድሮ ክረምት ውኃ የሚተኛበት የከብት መሬት ነበር፤ ዛሬ ሩዝ ነው። ገበሬው ለዓመታት ሲዘራው የኖረው ኤክስ-ጅግና በደርግ ዘመን ከሰሜን ኮሪያ የመጣ ዝርያ ነው። ወረታ መፈተጊያ ቤት ገብተን ከማሽኑ የወጣውን በእፍኝ ብናይ ስባሪው በዝቷል። ፀሐይ ላይ ከልክ በላይ የደረቀው ይሰነጠቃል፤ እርጥበቱ ከ14 በመቶ ብዙ ያለፈው ደግሞ ይደቅቃል። ዝርያ ሲደባለቅማ ማሽኑ ለአንዱ ሲስተካከል ሌላውን ይሰብራል። ስለዚህ ባሕር ዳር ሱቅ ውስጥ ተቀቅሎ ለመበላት የሚሸጠው የህንድና የፓኪስታን ረጅም ሩዝ ሲሆን፣ የፎገራው ከጤፍ ጋር ተፈጭቶ እንጀራ ይሆናል። ይህን እንደ ሽንፈት የሚቆጥሩ አሉ፤ እኔ አልቆጥረውም። ጤፍ ሲወደድ ስንቱን ቤት ደግፏል።

ወደ ሐይቁ ዳር በክረምት መኪና አይሞከርም፤ ዋልካው ጎማ ይውጣል። ከኅዳር በኋላ በሞተር ሳይክል ይደረሳል። የእንቦጩ ሐምራዊ አበባ ከሩቅ ያምራል፤ ሰው ከአማዞን አንሥቶ ዓለምን ያዞረውም ለዚሁ ውበቱ ነው። ጣና ላይ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። አንዱን ነቅለን አየነው፦ የቅጠሉ አገዳ አብጦ አየር ሞልቶበታል፤ ከጎኑ በወጣ ቀጭን ሐረግ ጫፍ ላይ ልጁ ተንጠልጥሏል። ሐረጉ ሲበጠስ ልጁ ራሱን ችሎ ይንሳፈፋል። በጀልባ ሞተር እየቆራረጡ ማለፍ እንግዲህ መዝራት ማለት ነው።

አረሙን በእጅ መልቀም ከማበቡ በፊት መሆን አለበት፤ ዘሩ ጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላልና። ከሥሩ ይነሣል፣ ዳር ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል፣ ከዚያ ይጓጓዛል። ከክብደቱ ከ90 በመቶ በላይ ውኃ ስለሆነ 100 ኪሎው ሲደርቅ 10 ኪሎ አይሞላም፤ እርጥቡን መጫን ነዳጅ ማቃጠል ነው። ትልቁ ስሕተት የሚሠራው ክምሩ ላይ ነው። በግንቦት ሐይቁ ሸሽቶ ሳለ «ደረቅ መሬት» ላይ የተከመረው፣ ውኃው በመስከረም ሞልቶ ሲመለስ ዘሩን ይዞ ሐይቁ ውስጥ ይገባል። ማጨጃ ማሽንም ቢሆን ጥልቀት በሌለው ዳር ይቀረቀራል፤ አረሙ የሚበዛው ደግሞ እዚያው ነው። ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አረሙን ያዳከሙት ጢንዚዛዎች እንደ አረሙ ሁሉ ከደቡብ አሜሪካ የመጡ ናቸው። ነገር ግን ጢንዚዛና ለቀማ አንድ ቦታ ላይ አይሄዱም፤ ለቃሚው ነፍሳቱን ከነቅጠሉ ያወጣቸዋል።

ለቃሚዎቹ ውኃው ውስጥ እስከ ጭን ይገባሉ። የቢልሃርዚያ፣ ማለትም በሽታውን የሚያመጣው ትል፣ እጭ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ የሚገባው፣ በተለይ ፀሐይ ሲበረታ፣ በዚህ ጊዜ ነው፤ እስከ ጉልበት የሚደርስ ቦት አያድንም። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፤ የጀርመኑ መርክ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት በኩል ይለግሰዋል። ልኩ በኪሎ 40 ሚሊ ግራም ስለሆነ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ባለ 600 ሚሊ ግራሙን ጽላት አራት ይወስዳል። የጎለመሰውን ትል እንጂ ገና የገባውን አይገድልም፤ ስለዚህ ከውኃው በወጡ ማግስት ሳይሆን ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ተመርምሮ መውሰድ ይሻላል። በጣም መራራ ነው፤ ከምግብ ጋር፣ ሳይታኘክ ይዋጣል።