ከምሳ በኋላ ያለችው ሰዓት

የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ የምሠራው ሜክሲኮ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ወጥቼ ማታ 2 ሰዓት እገባለሁ። ታናሽ እህቴ ታማ ቤት ስትውል አብሬያት ልሆን የምችለው በስልክ ብቻ ነበር።

ከዚያ በፊት ለአንድ ዓመት ያህል ሁላችንም «ጨጓራዋ ነው» ስንል ከረምን። ክብደቷ ያው ነው፤ ማን ይጠርጥር? አንድ ቀን ቡና ስትቀዳልኝ የቀኝ እጇ ጣቶች አንጓ ላይ ጠባሳ አየሁ። የእሳት ቃጠሎ መሰለኝ። ሐኪሟ ግን ገና እጇን ሲያዩ ገባቸው። ለማስመለስ ጣት ጉሮሮ ውስጥ ሲገባ ጥርስ የሚተወው ምልክት ነው። ጄራልድ ራስል የተባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1979 እ.ኤ.አ. እህቴን ስለያዛት ሕመም፣ ስለ ቡሊሚያ (እየጎሰጎሱ መልሶ ማስመለስ) ሲጽፉ ስለመዘገቡት ምልክቱ በስማቸው ይጠራል።

የታዘዘላት ሲሰሙት ቀላል ነው። በቀን 3 ጊዜ ምግብ፣ 2 ጊዜ መክሰስ፣ በመሃል ከ4 ሰዓት በላይ በባዶ ሆድ አለመቆየት። ተርቦ የዋለ ሰው ማታ ይጎሰጉሳል፤ የጎሰጎሰ ያስመልሳል፤ ያስመለሰ አፍሮ በነጋታው ይራባል።

እኔ ደግሞ ብልጥ ነኝ ብዬ «ምሳሽን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ» አልኳት። ለ3 ሳምንት ቆንጆ ቆንጆ ፎቶ መጣልኝ። ሽሮ፣ ጎመን፣ ጠርዙ የተቆረሰ እንጀራ። እኔም ልብ እልክላታለሁ። አንድ ማታ ወደ ኋላ ሳይ የማክሰኞውና የሐሙሱ እንጀራ አቆራረስ አንድ ነው። ያው ፎቶ! ስጠይቃት አልዋሸችም። «የፈለግሽው ፎቶ ነው፤ ፎቶ ሰጠሁሽ።»

ሁለት ቀን አኮረፍኩ። ከዚያ መጀመሪያ መጠየቅ የነበረብኝን ጠየቅኩ፦ «የቱ ሰዓት ነው የሚከብድሽ?» መብላቱ አይደለም አለች። ከበላች በኋላ ያለችው ሰዓት ናት፤ መታጠቢያ ቤቱ የሚጠራት ያኔ ነው።

ፎቶው ቀረ። ልክ 7 ሰዓት ላይ መደወል ጀመርኩ። ስለ ምግብ አናወራም። ስለ ውሃ ተራ፣ ስለ ታክሲ ረዳት ጥጋብ፣ ስለ ፎቅ ጎረቤታችን ጠብ እናወራለን። ኔትወርክ ሲጠፋስ? ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ የድምፅ መልእክት እልካለሁ፤ አውርዳ ታስቀምጠዋለች። መብራት ስለማያስተማምን ፓወር ባንክም ገዛን።

የበላችውንና የተሰማትን ወዲያው መጻፍም የሕክምናው አካል ነው። ለዚሁ የተሠራ አፕ ሞከረች፤ እንግሊዝኛ ነው። «ሆድ ባሰኝን ምን ብዬ ልጻፈው?» ብላ ተወችው። ቴሌግራም ላይ ለራሷ በአማርኛ ትጽፋለች። እኔ አላነበውም፤ ለሐኪሟ ብቻ ነው የምታሳየው። ካሎሪ መቁጠሪያዋን ያጠፋችው ራሷ ናት። ቲክቶክ ላይ እየተከታተሉ የሚመጡትን የቦርጭ ማጥፊያ ቪዲዮዎች ግን አንድ እሁድ አብረን ተቀምጠን ስናባርር ዋልን።

ሁዳዴ ሲገባ ሌላ ጣጣ መጣ። «እየጾምኩ ነው» ስትል ማን ይከራከራታል? 55 ቀን ሙሉ መደበቂያ! እማዬ ወደ ንስሐ አባታችን ወሰደቻት። እሳቸውም «የታመመ አይጾምም፤ ሰዓትሽን ጠብቀሽ ብዪ» አሏት። የ4 ሰዓት መክሰስ አላርሟ እንደገና መጮህ ጀመረ።

ስልክ የማይደርስበትም አለ። አንድ ቀን እያወራን «ልቤ ድው ድው ይላል፣ እግሬን ቁርጥማት ያዘኝ» አለችኝ። ለጎረቤታችን ደውዬ ሐኪም ቤት ወሰደችልኝ። ደሟ ሲመረመር ፖታሲየሟ ወርዷል። ማስመለስ ፖታሲየም ያሟጥጣል፤ ያ ደግሞ የልብን ምት ያዛባል። ለካ አላስመልስም ያለችኝ ሁሉ እውነት አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የጎረቤታችን ቁጥር ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፏል።

ባለፈው ሳምንት 7 ሰዓት ላይ ደወልኩ። አታነሳም። ደገምኩ፤ አታነሳም። እጄ እየተንቀጠቀጠ ለጎረቤታችን ልደውል ስል እሷው ደወለች። ጣሪያ ላይ ልብስ እያሰጣች ነበር።

«ውይ፣ 7 ሰዓት ሆነ እንዴ? ረሳሁት እኮ!» አለችኝ።